ሦስት ጊዜ ካልተለመንን

ሮተርዳም ያለን ሐበሾች ማርች ስምንትን ስናከብር ንግግር የማደርገው እኔ ነኝ። ማንም መርጦኝ አይደለም፤ አንድ ዓመት ማይክሮፎኑን ያዝኩት፣ ከዚያ ወዲህ የሚቀበለኝ ጠፋ። «እኅቶቼ! መብት ይጠየቃል እንጂ ቁጭ ተብሎ አይጠበቅም!» ስል ሴቱ ያጨበጭባል፣ ወንዱ ሰዓቱን ያያል። ያን ጊዜ ያየኝ ሰው፣ ይህቺ ኤልፍነሽ የምትባል ሴትዮ በሕይወቷ አንድም ቀን ደመወዝ ይጨመርልኝ ብላ አታውቅም ቢሉት አያምንም። መድረኩ ላይ ስሆን እኔም አላምንም።

ከመድረኩ ስወርድ ግን የእናቴ ልጅ ነኝ። እናቴ ያሳደገችኝ ሰው ቤት ሄጄ «ብይ» ስባል፣ ቢርበኝም እንኳ፣ «በልቻለሁ» እንድል ነው። ሁለተኛ ሲሉኝ «ኧረ ጠግቤያለሁ» እላለሁ። ሦስተኛ «በሞቴ» ሲሉኝ ያን ጊዜ እያፈርኩ እጄን እሰዳለሁ። ሦስት ጊዜ ሳይለመን የሚበላ ሆዳም ነው፤ ሦስት ጊዜ የማይለምን ባለቤት ደግሞ ስስታም ነው። ሕጉ ግልጽ ነው፤ ችግሩ ሆላንዶች አልሰሙትም። እዚህ አገር አንድ ጊዜ «አይ» ካልሽ ሳህኑ ተነሥቶ ወደ ኩሽና ይሄዳል፣ ማንም ቅር አይለውም።

ልጄ ሐምራዊት እዚሁ ስላደገች ሕጉን አታውቀውም። ባለፈው ሮተርዳም አጠገብ፣ ቭላርዲንገን፣ እትዬ ውድነሽ ቤት ክርስትና ተጠርተን፣ እትዬ ውድነሽ ገና «ልጄ፣ ትንሽ ዶሮ...» ብለው ሳይጨርሱ «አዎ፣ ስጪኝ» አለቻቸው። ስጪኝ! እናቴ ሊሆኑ የሚችሉ ሴትዮ! ከጠረጴዛው ሥር ቆነጠጥኳት።

«እማ! ምን ታደርጊያለሽ? ርቦኛል እኮ፤ ኸዎን፣ ዝም ብዬ፣ አዎ አልኩ!» አለችኝ፣ ቤቱ ሁሉ እየሰማ።

እትዬ ውድነሽ ከት ብለው ሳቁና ሳህኗን ሞሉላት። እኔ ሁለት ጊዜ «ጠግቤያለሁ» ብዬ ነበር፤ እሳቸው ደግሞ በሳቁ መሃል ሦስተኛውን ረሱት። ከክርስትና ቤት ጾሜን ወጥቼ ሜትሮ ጣቢያው ጋ ፍሪት የሚሉትን የድንች ጥብስ ገዝቼ በላሁ።

ይህን የምነግራችሁ ያለ ምክንያት አይደለም። የምሠራው የመርከብ መለዋወጫ የሚያስመጣ አንድ የጃፓን ኩባንያ ውስጥ ነው። ስሙን አልጠራም፤ ገና እየበላሁበት ነው። ቢሮው ሮተርዳም ወደቡ ጋ፣ የሠራተኛ አስተዳደሩ ዴንሃግ። ስቀጠር የደመወዙን ልክ ነግረውኝ «ይስማማሻል?» ሲሉኝ «እግዚአብሔር ይስጥልኝ» አልኩ። እንደገና እንዲጠይቁኝ ትንሽ ጠበቅሁ። እነሱ ብዕር አቀበሉኝ።

ከፊት ለፊቴ የምትቀመጠው ቺዙኮ ናት፤ ጃፓናዊት፣ እኩያዬ፣ በየቀኑ ከአምስተርዳም በባቡር የምትመላለስ። ሥራችን አንድ ነው። መርከቡ ወደብ ከመድረሱ በፊት ዕቃው መድረሱን እናያለን፤ ካልደረሰ የሚያደርሰውን ሰው እንለምናለን፤ ልመናው ካልሠራ እንቆጣለን። መቆጣቱ የኔ ክፍል ነው። በውላችን ላይ የሁለታችንም ማዕረግ «ረዳት» ይላል። ማንን እንደምንረዳ ግን የትም አልተጻፈም።

ከቺዙኮ ጋር የተግባባነው በመጀመሪያው ሳምንት፣ በብስኩት ነው። ስሰጣት «አይ፣ አመሰግናለሁ» አለችኝ። ደግሜ ሰጠኋት። «ለአንቺ ያንስብሻል» አለች። ሦስተኛ ስለምናት ሁለት እጇን ዘርግታ፣ ጎንበስ ብላ ተቀበለች። የአገሬን ሰው ያገኘሁ መሰለኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ አንድ ብስኩት ከሷ ጠረጴዛ ወደ እኔ ጠረጴዛ ለመሻገር ግማሽ የምሳ ሰዓት ይፈጃል፤ ሁለታችንም ደስ ብሎን ነው የምናደርገው።

አገሯ ሳለች የነበረችበትን ስትነግረኝ ዝም ብዬ አዳመጥኩ፤ ይህ ለእኔ ብርቅ ነው። አብረዋት በአንድ ቀን የተቀጠሩት ወንዶች ወደ ላይ የሚወስደው መደብ ውስጥ ሲገቡ፣ እሷንና ሴት ጓደኞቿን የትም የማይወስደው መደብ ውስጥ አስገቧቸው። ለእንግዳ ሻይ የሚያቀርቡት፣ ስልክ የሚያነሡት፣ ወንዶቹ ያበላሹትን ሰው ሳያይ የሚያስተካክሉት እነሱ ነበሩ። ወንዶቹ አለቃ ሆኑ፤ እነሱ ሻይ ማቅረባቸውን ቀጠሉ።

«ለምን ደመወዝ አልጠየቅሽም?» አልኳት፣ እንደ ማርች ስምንት ሴትዮ።

«ለራሷ ብቻ የምታስብ ይሉኛል» አለች።

ይሉኛል! ይሉኝታ የእኛ አገር ሸቀጥ ብቻ መስሎኝ ነበር፤ ለካ ጃፓን ድረስ ገበያ አለው። ቺዙኮ ሆላንድ የመጣችው ይህን ሸሽታ ነው። እዚህ ለሴትና ለወንድ እኩል ይከፈላል ብላ። ኩባንያው ግን የአገሩን መደብ በሻንጣው ይዞት መጥቶ ነበር።

ያንን ያወቅነው በዮስት ምክንያት ነው። ዮስት ሆላንዳዊ ነው፤ ጥሩ ልጅ ነው፣ ጥፋት የለበትም፤ ለዚህም ነው ልጠላው ሞክሬ ያቃተኝ። ሥራውን ያስተማርነው እኔና ቺዙኮ ነን። ውሉ ላይ «አስተባባሪ» ይላል። የሚያስተባብረው እኛን እንደሆነ ብንጠረጥርም፣ ሥራ ሲበዛ እኛ ነን እሱን የምናስተባብረው። አንድ ቀን ምሳ ላይ አንገቱን ደፍቶ መጣና ደመወዙ እንደማይበቃው፣ ቤት ለመግዛት እንዳልቻለ፣ እጮኛው እንደተነጫነጨችበት ነገረን። አዘንንለት። ቺዙኮ ቸኮሌቷን ሰጠችው። እሱ አንድ ጊዜ ብቻ ተለምኖ ተቀበላት፤ ይቅር አልነው። እኔ ጀርባውን እየደባበስኩ «አይዞህ፣ ገና ወጣት ነህ» አልኩት።

ከዚያ ስንት እንደሚከፈለው ነገረን።

ዳቦዬን ወደ ሳህኔ መለስኩ። በእኔ ደመወዝ ላይ ሩቡን ቢጨምሩበት ዮስት ጋ አይደርስም። የቺዙኮንም አውቀዋለሁ፤ ከኔ ጋር ያው ነው። ብልጥ ልጅ የሰጡትን ይዞ ያለቅሳል ይባላል፤ እኛ ሁለት ትልልቅ ሴቶች ግን ሳይሰጡን የተሰጠውን እናባብላለን። ከሁሉ የሚያሳፍረው፣ ይህን ከሰማሁ በኋላም እጄ ጀርባው ላይ ነበር። ድንገት ባነሣው ይቀየመኛል ብዬ ትንሽ ደባበስኩትና ቀስ ብዬ አወረድኩት። «ይጨምሩልሃል» አልኩትም።

ዮስት ሲሄድ ቺዙኮ የቸኮሌቱን ወረቀት አራት ቦታ አጣጠፈች። ከዚያ እንዲህ አለችኝ።

«እጠይቃለሁ። እንደ እሱ ካላደረጉኝ በፀደይ ወደ አገሬ እመለሳለሁ። ከወንድ በታች የሚከፈለኝ ከሆነ፣ ቢያንስ እናቴ አጠገብ ይሁን። አርጅታለች።»

ደነገጥኩ። ቺዙኮ ከሄደች እኔ ማን አለኝ? ሐምራዊት ለትምህርቷ አምስተርዳም ክፍል ተከራይታለች፤ ማታ ቤቴ የሚጠብቀኝ ቴሌቪዥን ነው። ቀን ቀን ሰው የምሆነው ከዚህች ሴት ፊት ለፊት ተቀምጬ ነው። ድንጋጤዬን ግን በጉራ ሸፈንኩት። «አብሬሽ እገባለሁ!» አልኳት። «የታመነ የሥራ ባልደረባ ይዞ መግባት ይፈቀዳል። ለእኔ ተዪው።» የማርች ስምንቱን ቪዲዮ ከስልኬ አውጥቼ አሳየኋት። ቋንቋው አልገባትም፣ በአየር ላይ የሚወራጨው ጣቴ ግን ገባት።

«አንቺ የምታስቢውን የምትናገሪ ሰው ነሽ» አለች በአድናቆት። አላስተባበልኩም። «ታዲያ አንቺስ አብረሽ አትጠይቂም?»

«መጀመሪያ ያንቺ ይለቅ» አልኳት። «የኔ የትም አይሄድም።» እውነቴን ነው፤ የትም አልሄደም ነበር።

ቅዳሜ ለልምምድ አምስተርዳም ቤቷ ሄድኩ። ሐምራዊት ሰፈሩ ሩቅ ስላልሆነባት መጣችና ሶፋው ላይ ተጋድማ ስልኳን መነካካት ጀመረች። እኔ የሠራተኛ አስተዳደር ኃላፊውን ቴውንን ሆንኩ። ነጠላዬን እንደ ክራቫት አሰርኩ፣ ወንበሩ ላይ ተንፈላስሼ ተቀመጥኩ። ቺዙኮ የምትሠራውን ሁሉ በዝርዝር ተናገረች፤ ጥሩ አድርጋ። ሲያልቅ ድምፄን አወፍሬ «ቺዙኮ፣ የአስተባባሪውን ማዕረግና ደመወዝ ትፈልጊያለሽ?» አልኳት።

ዓይኗን ወደ ጉልበቷ ዝቅ አደረገች። «የሚገባኝ ሰው መሆኔን አላውቅም።»

እንዴት ልቻል? «ምን ማለትሽ ነው! ካንቺ ሌላ ለማን ይገባል?»

«ኩባንያውን ማስቸገር እንዳይሆንብኝ።»

«በሞቴ! እኔ ልሙት ካልወሰድሽ!»

ያን ጊዜ ጎንበስ ብላ ተቀበለች። እሷም እንባዋ መጣ፣ እኔም አለቀስኩ። እንደኔ ያለ አለቃ በመላው ሆላንድ አይገኝም።

«እማ» አለች ሐምራዊት ከስልኳ ቀና ሳትል፣ «ቴውን እንደዚህ አይልም። ሁለተኛ አይጠይቅም እኮ። አንድ ጊዜ አይ ካለች፣ ክላር፣ አለቀ።»

«አንቺ ስለ ሥራ ምን ታውቂያለሽ?»

«ሱፐርማርኬት ውስጥ እሠራ የለ እንዴ? ሁለቴ ጨምሩልኝ ብያለሁ፣ ሁለቴ ጨምረውልኛል።»

«ልጅ ስለሆንሽ ነው» አልኳትና ልምምዱን ከመጀመሪያው ደገምን። ሁለተኛው ከመጀመሪያውም በለጠ፤ ሁለታችንም በደንብ አለቀስን።

ቀጠሮው ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ዴንሃግ ነበር። ቴውን ረጅም፣ ጨዋ፣ ለሁሉም ነገር «ፕሪማ»፣ በጣም ጥሩ፣ የሚል ሰው ነው። ቡና ሰጠን፣ የብስኩቱን ቆርቆሮ አንድ ጊዜ አዞረልንና ከደነው። እኔም ቺዙኮም «አይ፣ አመሰግናለሁ» ብለን ስለነበር ሁለታችንም ሳንበላ ቀረን። ንቁ ሰው ቢሆን እዚያው ላይ ይባንን ነበር።

ቺዙኮ ተናገረች። አንድም ነገር አልዘለለችም፤ ምን ምን እንደምትሠራ፣ ዮስትን ማን እንዳሠለጠነው፣ የሁለቱ ሥራ አንድ ሆኖ ሳለ ማዕረጉ ለምን ሁለት እንደሆነ። ቴውን እስከ መጨረሻው አዳመጣት።

«ትክክል ነሽ» አለ። «ማስተካከል እችላለሁ። የአስተባባሪውን ማዕረግና ደመወዝ ትፈልጊያለሽ?»

እንዲህ በቀላሉ ይመጣል ብለን አላሰብንም። ቺዙኮ ግን ዓይኗን ወደ ጉልበቷ ዝቅ አደረገችና፣ ልክ እንደተለማመድነው፣ «የሚገባኝ ሰው መሆኔን አላውቅም» አለች።

«ኦ» አለ ቴውን። «እርግጠኛ ካልሆንሽ አናጣድፈው። በሚመጣው ዓመት እናየዋለን። ፕሪማ።» ላፕቶፑን ሊዘጋ እጁን አነሣ።

ቺዙኮ ቀና ብላ አየችኝ። አልተቆጣችም፤ ግራ ገብቷት ነው። ሁለተኛው የታለ ነው የምትለኝ። በልምምዱ ይህን ሰው ሆኜ የተጫወትኩት እኔ ነኝ፣ ያሳሳትኳትም እኔ ነኝ፤ በሷ ቤት እኮ ሁሉ ነገር በሥርዓቱ እየሄደ ነው። በፀደይ ወደ እናቷ ስትሄድ ሻንጣዋን የምሸከመውም እኔ ነኝ ማለት ነው። ብድግ አልኩና እጄን ላፕቶፑ ላይ ጫንኩት።

«እንዳትዘጋው! አትስማት፣ ውሸቷን ነው!»

«ውሸቷን?» አለ ቴውን፤ ሆላንዳዊ ይህን ቃል አይወደውም።

«ውሸት እንኳ አይደለም፣ ጨዋነት ነው። በእኛም በእነሱም አገር የመጀመሪያው እምቢታ እምቢታ አይደለም። እንደገና ጠይቃት።»

«መልስ ሰጥታኛለች እኮ።»

«ጠይቃት ነው የምልህ!»

ቴውን እኔን አየ፣ በሩን አየ፣ ከዚያ ለሕፃን እንደሚናገር ሰው እየተጠነቀቀ «ቺዙኮ፣ ቦታውን ትፈልጊያለሽ?» አለ።

«ኩባንያውን ማስቸገር እንዳይሆንብኝ» አለች ቺዙኮ።

«ይኸው!» አለኝ ወደኔ ዞሮ።

«አንድ ጊዜ ብቻ! የመጨረሻህ ነው፣ ግዴለህም!»

ሦስተኛ ጠየቃት። ቺዙኮ ሁለት እጇን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ቀጥ ብላ ተቀመጠች። «ያ» አለች፣ በሆላንድኛ አዎ ማለቷ ነው። «እፈልጋለሁ። እንደ ዮስት እኩል። ከዚህ ወር ጀምሮ።» ከዚህ ወር ጀምሮ የሚለውን አልተለማመድነውም ነበር፤ ከራሷ ነው ያመጣችው። ቴውን «ፕሪማ» አለና ጻፈው። ጽፎ ሲጨርስ ወንበሩን ወደኔ አዞረ።

«አንቺስ ኤልፊ? ያንቺም ሥራ ያው አይደል? ያንቺንም እንየው?»

ያን ጊዜ የተናገረው አፌ የኔ ስለመሆኑ እስካሁን እጠራጠራለሁ። «ኧረ እኔ ደህና ነኝ! ዛሬ የመጣሁት ለሷ ነው።»

«እርግጠኛ ነሽ?»

ሁለተኛው! ደስ አለኝ፤ ትምህርቴ ገብቶታል ማለት ነው። «እርግጠኛ ነኝ፣ አታስብ» አልኩና ሦስተኛውን መጠበቅ ጀመርኩ። ቴውን ሰዓቱን አየ። ወደ ቺዙኮ ዞርኩ፣ እንደኔ ብድግ ትላለች ብዬ። እሷ ፈገግ ብላ ትንሽ ጎንበስ አለችልኝ። ላፕቶፑ ተዘጋ።

ወደ ባቡር ጣቢያው በእግራችን ሄድን። ቺዙኮ ደስታዋ እግሯን ያዘልለው ነበር፤ መንገድ ላይ እናቷ ጋ ደውላ ስታወራ ቃሉ ባይገባኝም ሳቋ ይገባኝ ነበር። እሷ ወደ አምስተርዳም፣ እኔ ወደ ሮተርዳም ነን። ባቡሯ እየደረሰ ሳለ እጄን ያዘችኝ።

«አንድ ነገር ልንገርሽ» አለች። «ቴውን ሲጠይቅሽ አፌን ልከፍት ነበር። ‹እሷም ትፈልጋለች› ልለው። ከዚያ ተውኩት። ኤልፍነሽ እንደኔ አይደለችም፣ የምታስበውን ትናገራለች፣ ደህና ነኝ ካለች ደህና ናት አልኩ። በአንቺ ፋንታ መናገር ስድብ መሰለኝ።» ትንሽ አሰበችና ጨመረች። «እቀናብሻለሁ። ያለሽ የሚበቃሽ ሰው ነሽ።»

ባቡሩ ይዟት ሄደ። እኔም እንደ ጀግና እጄን አወዛወዝኩ።

የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች የሚባለው ስለኔ ነው። አግዳሚው ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ፤ ለቺዙኮ በመደሰቴና ለራሴ በማፈሬ፣ ሁለቱ ተቀላቅለውብኝ። የሮተርዳሙ ባቡር መጥቶ ሄደ። አጠገቤ የተቀመጡ ሆላንዳዊት አሮጊት መሐረብ ሰጡኝ፤ «አይ፣ አመሰግናለሁ» አልኳቸው፤ ወደ ቦርሳቸው መለሱት። አፍንጫዬን በነጠላዬ ጠርጌ ሐምራዊት ጋ ደወልኩ፤ የሆነውን ሁሉ ነገርኳት። ትስቃለች ብዬ ነበር፤ አልሳቀችም።

«ሰውዬው አሁንም ቢሮ አለ?» አለችኝ።

«ያለ ይመስለኛል።»

«ታዲያ ለምን ለኔ ትደውያለሽ?» ብላ ዘጋችው።

ተመለስኩ። መንገዱን ሁሉ ወደ ጣቢያው ልመለስ ልመለስ አለኝ፤ ምን ይለኛል፣ ቅድም ደህና ነኝ ያለች ሴትዮ አሁን ምን ነካት ይላል እያልኩ። ስደርስ ቴውን ጃኬቱን ለብሶ ሊወጣ ነበር።

«የረሳሽው ነገር አለ?»

«አለ» አልኩት። ሳይጋብዘኝ ተቀመጥኩ። «ደህና አይደለሁም። እኔም የአስተባባሪውን ማዕረግና ደመወዝ እፈልጋለሁ። የምናገረው አንድ ጊዜ ነው።»

«ኦኬ» አለ። ጃኬቱን ሳያወልቅ ቁጭ ብሎ ላፕቶፑን ከፈተ፣ ጥቂት ነካካ። «ይኸው። ከዚህ ወር ጀምሮ።»

በቃ። ይኸው ነው። ለዚህ ነው ስንት ክረምት ሙሉ አልጋዬ ላይ ስገላበጥ የኖርኩት። እንደ እብድ ሳቅሁ። «አየህ ጅልነቴን!» አልኩት። «እኔ ሰው ሦስት ጊዜ እስኪለምነኝ ስጠብቅ!» የእናቴን ሕግ አስረዳሁት፣ የልምምዳችንን ነገር፣ ነጠላዬን እንደ ክራቫት ማሰሬን። ሆዱን ይዞ ሳቀ። ራሴን ሳዋርድ ሰው ማሳቅ እችልበታለሁ፤ ዕድሜዬን ሁሉ የሠራሁት ሥራ ነው።

«እኔም ይገርመኝ ነበር» አለ ዓይኑን እየጠረገ። «የሁላችሁም ደመወዝ እኔ ጋ ነው። አንቺና ቺዙኮ ከወንዶቹ በታች መሆናችሁን በየዓመቱ አያለሁ። ግን አንድም ቀን ስላልጠየቃችሁ፣ ተስማምቷቸዋል ማለት ነው አልኩ።»

ሳቄ ቆመ።

«ታውቅ ነበር?»

«እርግጥ ነው» አለ። አልዋሸም፤ ይህን አመሰግንለታለሁ።

ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል ይላል ያገሬ ሰው። ሞኟ እኔ ነኝ፣ አልከራከርም። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ለራሴም ለሰውም ሳወራ የኖርኩት ስለ ሞኟ ነው፤ ስለ አፏ፣ ስለ ይሉኝታዋ፣ ስለ እናቷ አስተዳደግ። ሞፈሩን ስለቆረጠው ሰው ግን አንድም ቀን ትንፍሽ ብዬ አላውቅም። ሰውዬው ከፊቴ ተቀምጧል። ክፉ ሰው አይደለም። እያየ፣ እያወቀ፣ በየዓመቱ አንድ ቃል መናገር ሲችል፣ የኔ ዝምታ ስለረከሰለት ዝም ብሎ ሲገዛኝ ኖሯል። እኔ ደግሞ ይባስ ብዬ አስቀዋለሁ። በጣም ተናደድኩ፤ በዚህ ጊዜ በራሴ አይደለም።

«ያለፉትን ዓመታትስ?» አልኩት።

«እንዴት?»

«ስታውቅ የነበረባቸውን ዓመታት። የኔንም፣ የቺዙኮንም።»

ቴውን ፕሪማ አላለም። «ኤልፊ፣ ይሄ... ይሄ ሌላ ጉዳይ ነው» አለ። ላፕቶፑን አየ፣ መስኮቱን አየ፣ ከዚያ ዝም አለ። እንዲህ ያለ ዝምታ ሲመጣ «ምንም አይደል፣ ተወው» ብዬ የምሞላው ሁልጊዜ እኔ ነበርኩ። እሱም ይህን ሳይጠብቅ አልቀረም፤ ሁለት ጊዜ ቀና ብሎ አየኝ።

ምንም አላልኩትም። ጃኬቱን እስኪያወልቅ ጠበቅሁት።